አይጧ ያልሞተችበት መርዝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሦስት ቦታ የተጻፉ ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ ነው፤ አንዱን ፍጡር የሚገድል የባክቴሪያ መርዝ ሌላውን ሳይጎዳ የሚያልፈው ለምንድን ነው የሚል ነው። የእንስሳት ሐኪም በመሆኔ ጥያቄው ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱ በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ግልጽ ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «አይጥ» ስል ትንሿን፣ «አይጠ መጎጥ» ስል ደግሞ ትልቁን ዘመዷን ማለቴ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱን መለየት ግድ ይላል።

ጥያቄ፦ «የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ዲፍቴሪያ ስለሚባለው የጉሮሮ በሽታ ሲያስተምሩን፣ ጊኒ ፒግን (ጭራ የሌላትን ትንሽ የቤተ ሙከራ እንስሳ) በጥቂት ቀናት የሚገድለው የዚህ ባክቴሪያ መርዝ በአይጥና በአይጠ መጎጥ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንደማያደርስ ነገሩን። አንዳንዶቻችን አይጥ በቆሻሻ ውስጥ ስለምትኖር ለምዳው ነው አልን። መምህራችን ግን መልሱን እናንተው ፈልጉት ብለው አለፉን። ምክንያቱ ምንድን ነው? ነገሩ እንዲህ ከሆነስ መድኃኒትና ክትባትን በአይጥ ላይ መሞከር ምን ይጠቅማል?» — ከጎንደር

መልስ፦ «ለምዳው ነው» የሚለው ግምት እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ጉልበቱ የተሰበረ መርዝ በመርፌ የተሰጠው አካል፣ እውነተኛው መርዝ ሲመጣ የሚያመክንበት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፤ ሕፃናት በተወለዱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት የዲፍቴሪያና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚያገለግለውም በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን የቤተ ሙከራ አይጥ ከቆሻሻ ጋር ትውውቅ የላትም። እናቷም፣ አያቷም፣ ቅድመ አያቷም የኖሩት በተጣራ አየር ውስጥ፣ በእንፋሎት ከጀርም በጸዳ ጉዝጓዝ ላይ፣ የተመረመረ መኖ እየበሉ ነው። መርዙን የምትቋቋመው ይህን ባክቴሪያ እሷም ዘሮቿም አይተውት ሳያውቁ ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው በልምድ ስለተገኘ ሳይሆን አብሮ ስለተወለደ መቋቋም ነው፤ ምስጢሩም ያለው በደሟ ውስጥ ሳይሆን በሕዋሶቿ አሠራር ውስጥ ነው።

ልዩነቱ የታየው መርዙ ራሱ ተለይቶ ከመታወቁ በፊት ነበር። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሎፍለር በ1884 የዲፍቴሪያን ባሲል፣ ማለትም በትር መሰሉን ባክቴሪያ፣ ለብቻው አሳድጎ በልዩ ልዩ እንስሳት ላይ ሲሞክረው ጊኒ ፒጎች ሲሞቱ አይጦችና አይጠ መጎጦች ግን ደህና ሆነው ቆዩ። በሞቱት ላይ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ጠበቀው፤ ባሲሉ መርፌው ከገባበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ ባሲል ያልደረሰባቸው የውስጥ አካላት ተጎድተው ተገኙ። ባክቴሪያው ካለበት ሳይነቃነቅ የሚያሰራጨው መርዝ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ከአራት ዓመት በኋላ በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ኤሚል ሩ እና አሌክሳንደር የርሲን ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጠለሉት፤ አንድም ሕያው ባሲል ያልቀረበትን ጥርት ያለ ፈሳሽ በመርፌ ሲሰጡ እንስሳቱ ዲፍቴሪያ እንደያዘው ሆነው ሞቱ። የሎፍለር ጥርጣሬ እውነት ሆነ። አይጥና አይጠ መጎጥ ግን በባሲሉ እንዳልተሸነፉ ሁሉ በተጠለለውም ፈሳሽ በቀላሉ አልተሸነፉም።

ጊኒ ፒግ በዚህ ምክንያት የሚዛን ያህል ሆነች። ፓውል ኤርሊክ በ1890ዎቹ የፀረ ዲፍቴሪያን ሴረም ጉልበት ለመለካት ሲነሣ ክብደቷ 250 ግራም የሆነ ጊኒ ፒግን በ4 ቀን የሚገድለውን የመርዝ መጠን እንደ መለኪያ ወሰደ። በዚያ ዘመን እንስሳዋ በሚዛን ላይ ትቀመጣለች፣ ትወጋለች፣ ከዚያም በየቀኑ ትታያለች። መጀመሪያ ጸጉሯ ይቆማል፤ መብላት ትተዋለች፤ ከሞተች በኋላ ሆዷ ሲከፈት መርፌው የገባበት ሥፍራ በደም በቀላ እንደ ዝልግልግ ባለ ውኃ አብጦ፣ ከኩላሊቷ በላይ ያሉት ሁለት ዕጢዎች ደም ቋጥረው እንደ በሰለ እንጆሪ ቀልተው ይገኛሉ። እነዚያን ዕጢዎች አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዲፍቴሪያን በሌላ ነገር አይሳሳትም። ያው መጠን የተሰጠው አይጠ መጎጥ ግን በማግስቱ መኖውን ይቆረጥማል። በክብደት ተሰልቶ ሲነጻጸር አይጥን ለመግደል የሚያስፈልገው የዲፍቴሪያ መርዝ ጊኒ ፒግን፣ ጥንቸልን ወይም ሰውን ከሚገድለው ከሺህ እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። የዲፍቴሪያ መርዝ ሁለት ክፍል ያለው ፕሮቲን ነው። አንደኛው ክፍል በር ፈላጊ ነው፤ በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚጣበቅበትን ተቀባይ ይሻል። ይህ ተቀባይ ለመርዝ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ የራሱ ሥራ ሕዋሳት እንዲያድጉና ቁስል እንዲያገግም መልእክት ማስተላለፍ ነው፤ መርዙ ግን እንደ በር ይጠቀምበታል። ከተጣበቀ በኋላ ሕዋሱ መርዙን በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አሲድ ሲበረታ ሁለተኛው ክፍል ተላቆ ወደ ሕዋሱ መሃል ይሾልካል። እዚያም ሕዋሱ ፕሮቲን ለመሥራት የግድ የሚያስፈልገውን አንድ ረዳት ሞለኪውል እየተከተለ ያሰናክለዋል። ፕሮቲን የማይሠራ ሕዋስ ይሞታል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1978 እንዳሳዩት ወደ ሕዋስ ውስጥ የገባ አንድ ብቸኛ የዚህ ክፍል ሞለኪውል ያን ሕዋስ ለመግደል ይበቃል።

እንግዲህ አይጧን ያዳናት ከሁለት አንዱ መሆን አለበት፤ ወይ መርዙ በሩን አላገኘም፣ ወይ ገብቶ የሚያሰናክለውን አላገኘም። ይህን ለመለየት የአይጥ ሕዋስ ይሰበርና የውስጥ ፈሳሹ በብልቃጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ሁለተኛው የመርዙ ክፍል በቀጥታ ይጨመርበታል። በር የሚባል ነገር በሌለበት በዚህ ብልቃጥ ውስጥ የአይጧ የፕሮቲን ሥራ እንደ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ አይጧ ከውስጥ ለመርዙ የተጋለጠች ናት፤ ያዳናት በሩ ነው። በ1992 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ተቀባዩን የሚያዝዘውን ዘረመል ከጦጣ ሕዋስ ወስደው በአይጥ ሕዋስ ውስጥ ሲያስገቡት መርዙን ትቋቋም የነበረችው ሕዋስ መሞት ጀመረች። አይጧም ይህ ተቀባይ አላት፤ ነገር ግን መርዙ በሚይዝበት ሥፍራ ላይ ያሉት ጥቂት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) ከሰውና ከጦጣ ስለሚለዩ መርዙ ሊጣበቅበት አይችልም። የጥቂት አሚኖ አሲዶች ልዩነት ነው አንዷን በአራት ቀን የሚገድላት፣ ሌላዋን መኖ የሚያስቆረጥማት።

የጃፓን ሳይንቲስቶች ይህን ልዩነት በ2001 ወደ መሣሪያነት ለውጠውታል። የሰውን ተቀባይ በጉበት ሕዋሳቷ ላይ ብቻ የምታወጣ አይጥ ፈጥረው የዲፍቴሪያ መርዝ ሲወጓት የተጎዳው ጉበቷ ብቻ ሆነ። ዛሬ አንድ ዓይነት ሕዋስ በአካል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ በዚያ ሕዋስ ላይ ብቻ በሩን ይከፍትና መርዙን ይሰጣል፤ ሕዋሱ ሲጠፋ ምን እንደሚጎድል ያያል። አይጧ በተፈጥሮዋ ባትቋቋም ኖሮ ይህ ዘዴ አይታሰብም ነበር።

ግን መቋቋም ሁሉ የበር ጉዳይ እንዳይመስልዎ የመንጋጋ ቆልፍን ላንሣ። የዚህ በሽታ መርዝ ወደ ነርቭ ውስጥ ገብቶ፣ ነርቩ ኬሚካላዊ መልእክቱን ለመልቀቅ የሚጠቀምበትን አንድ ፕሮቲን እንደ መቀስ ይቆርጣል፤ በጣልያን ፓዶቫ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች መቀስነቱን ያሳወቁት በ1992 ነው። መቀሱ የሚያርፈው በአንድ ቁርጥ ሥፍራ፣ ግሉታሚን በሚባል አሚኖ አሲድ ላይ ነው። አይጠ መጎጥና ዶሮ ግን ከዚህ ፕሮቲን ዓይነቶች በአንደኛው ላይ በግሉታሚን ቦታ ቫሊን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ አላቸው፤ መቀሱ መጥቶ ቢያርፍም አይቆርጥም። እዚህ በሩ ክፍት ነው፤ የጠፋው የሚቆረጠው ነገር ነው። ሌላው የፕሮቲኑ ዓይነት የሚቆረጥ በመሆኑ አይጠ መጎጥ ከመንጋጋ ቆልፍ ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ ከአይጥ ይልቅ ግን በብዙ ይጸናል። በሌላው ጫፍ ፈረስ አለ። ከቤት እንስሳት ሁሉ መንጋጋ ቆልፍ የሚበረታበት ፈረስ ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ ሲከተብ ግን የመርዙን ማምከኛ በብዛት ይሠራል። በየጤና ጣቢያው ሚስማር ለወጋው ሰው የሚሰጠው ቲኤቲ የሚባለው መርፌ ከተከተበ ፈረስ ደም የተገኘ ነው። እጅግ የሚጎዳው እንስሳ ራሱ መድኃኒቱን ሰጠን።

አይጥ ላይ መሞከር ምን ይጠቅማል ላሉት፣ መልሴ እንስሳው መመረጥ ያለበት መርዙ የሚሄድበት መንገድ በዝርዝር ከታወቀ በኋላ ነው የሚል ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚባክነው ዓመት ብዙ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው የቁስል ባክቴሪያ ነጭ የደም ሕዋስን የሚበሳ ፓንተን ቫለንታይን የተሰኘ መርዝ አለው። የሰውን ከባድ የሳንባ ምች ያባብሳል ወይስ አያባብስም በሚለው ላይ በአይጥ የተደረጉ ሙከራዎች እርስ በርስ የሚጣረሱ ውጤቶችን ሲሰጡ ቆዩ። በ2013 መርዙ የሚጣበቅበት ተቀባይ ሲታወቅ የሰውና የጥንቸል ሕዋስ እንደሚይዘው፣ የአይጥ ግን እንደማይይዘው ታየ። በአይጥ ላይ «ጉዳት አላደረሰም» የሚለው ውጤት ሐሰት አልነበረም፤ ስለ ሰው ግን የሚነግረን ነገር አልነበረውም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንስሳው የሚቋቋመው መርዙን ሳይሆን መርዙ የሚመጣበትን መንገድ ነው። ሮበርት ኮክ በ1884 በካልካታ የኮሌራን ባሲል ሲለይ በእንስሳት ላይ በሽታውን ማስነሣት አልቻለም፤ ቢያበላቸውም አልታመሙም። በዚያችው ከተማ ሳምቡ ናት ዴ የተባለ ህንዳዊ ሐኪም የጥንቸልን ቀጭን አንጀት በሁለት በኩል በክር አስሮ፣ ባክቴሪያው ተጠልሎ የወጣለትን የኮሌራ ፈሳሽ በታሰረው ክፍል ውስጥ ጨመረ። በማግስቱ የታሰረው አንጀት በውኃ ተወጥሮ ተገኘ። ይህን በ1959 ባሳተመ ጊዜ ኮሌራ ሰውን የሚገድለው አንጀትን ውኃ በሚያስለቅቅ መርዝ መሆኑ ታወቀ። ጥንቸሏ ለመርዙ የተጋለጠች ነበረች፤ ከኮክ ዘመን ጀምሮ ለ75 ዓመት የጠፋው መርዙን አንጀቷ ላይ የሚያደርስ ዘዴ ነው። በግድግዳዬ ላይ የሳይንቲስት ሥዕል ልስቀል ብል በመጀመሪያ የምሰቅለው የእኚህን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ «የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። መርዝን የሚቋቋም እንስሳ መርዙን የሚያመነጨውን ባክቴሪያም ይቋቋማል ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ ተቋቋሚ ዝርያዎችን እየመረጡ ማራባት በሽታን ለማጥፋት አይረዳም?» — ከሐዋሳ

መልስ፦ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ የምታስተምረው በአሜሪካ ሜይን ግዛት ከሚገኘው ጃክሰን ቤተ ሙከራ የተገኘች ሲ3ኤች/ሄጄ የምትባል የአይጥ ዝርያ ናት፤ በስሟ መጨረሻ ያለው «ጄ» የጃክሰን ነው።

እነ ሳልሞኔላ ባሉበት የባክቴሪያ ወገን የውጭ ልባስ ውስጥ ኢንዶቶክሲን የሚባል ቅባትና ስኳር ያዘለ ነገር አለ። ስሙን በ1892 ገደማ ያወጣው ሪቻርድ ፋይፈር ነው። ይህ ነገር ሌሎች አይጦችን በሚገድል መጠን ሲሰጥ የዚህች ዝርያ አይጦች እንደማይሞቱ በ1960ዎቹ ታወቀ። ይህን ያየ ሰው እድለኛ አይጥ ናት ሊል ይችላል። ሕያው ሳልሞኔላ ሲሰጣት ግን ሌላው አይጥ በሚያሸንፋቸው ጥቂት ባክቴሪያዎች ትሞታለች። ምክንያቱ በ1998 ተገኘ፤ ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ ዓመታት የወሰደ የዘረመል ፍለጋ አካሂደው በአንድ ፕሮቲን ላይ ፕሮሊን የነበረው አሚኖ አሲድ በሂስቲዲን መተካቱን አረጋገጡ። ፕሮቲኑ ኢንዶቶክሲን መኖሩን ለአካል የሚያሳውቅ ጠቋሚ ነው። ቦይትለር በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው በዚህ ግኝት ነው።

ነገሩ ሲተረጎም እንዲህ ነው፤ ኢንዶቶክሲን እንደ ዲፍቴሪያ መርዝ በራሱ እጅ ሕዋስ የሚገድል አይደለም። አካል ባክቴሪያ ገብቷል ብሎ በሚያስነሣው ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውደቅና የደም መርጋት ነው ሰው የሚሞተው። ያቺ አይጥ በደጃፏ ያለው ዘበኛ ደንቆሮ ነው። ባዶ ጩኸት ሲመጣ አይደነግጥም፤ እውነተኛ ሌባም ሲመጣ አይነቃም። መርዙን መቋቋሟና ለበሽታው መጋለጧ የአንድ ጉድለት ሁለት ገጽታ ናቸው።

አባ ሰንጋ ላይም ይኸው ይታያል። ፊሸር የምትባል የአይጠ መጎጥ ዝርያ የአባ ሰንጋ መርዝ በደም ሥሯ ሲገባ ሳንባዋ በውኃ ሞልቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በ40 ደቂቃ ገደማ ትሞታለች። ነገር ግን መርዙ ሳይሆን የባክቴሪያው ዘር (ባክቴሪያው ራሱን ጠብቆ የሚቆይበት ጠንካራ ቅርጽ) ሲሰጣት ለመታመም እጅግ ብዙ ያስፈልጋታል። ጊኒ ፒግ በተቃራኒው መርዙን ከእሷ በተሻለ ትታገሣለች፣ በጥቂት የባክቴሪያ ዘር ግን ትሞታለች። በ2006 በአይጥ ላይ፣ በ2010 ደግሞ በአይጠ መጎጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱን አንድ ዘረመል ላይ አገኙት፤ ይህ ዘረመል የሚያዝዘው ፕሮቲን በመርዙ ሲነካ ጠላት ዋጭ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ፈንድተው እየሞቱ የማንቂያ ምልክት ይረጫሉ። ብዙ መርዝ በአንዴ ከመጣ ማንቂያው ራሱ ይገድላል፤ ጥቂት ባክቴሪያ ገና ሲጀምር ከሆነ ግን ተከላካዮችን በጊዜ ይጠራል።

ስለዚህ ተቋቋሚ ዝርያ መርጦ ማራባት ይረዳል ወይ ለሚለው፣ «ምንን ተቋቋሚ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የሰውንም ጉዳይ እዚሁ ላይ ላንሣ። ሰው ለኢንዶቶክሲን እጅግ ስስ ነው፤ ፈቃደኞች በኪሎ ክብደታቸው ከ2 እስከ 4 ናኖግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ጥቂቱ ሲሰጣቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ያተኩሳሉ። አይጥ ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጠውን ትችላለች። በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ንጹሕ መሆኑ በአይጥ ቢፈተን ኖሮ የስንቱን በሽተኛ ሕይወት ባጠፋን ነበር! የአሜሪካ የመድኃኒት መመዘኛ በ1942 ለዚህ ፈተና ጥንቸልን ያስገባው የጥንቸል ትኩሳት ከሰው ጋር በተቀራረበ መጠን ስለሚነሣ ነው። ዛሬ አብዛኛው ፈተና የሚካሄደው ጥንቸል ሳይነካ፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ካለ የባሕር ፍጡር ደም በተቀመመና ኢንዶቶክሲን ሲያገኝ በሚረጋ ፈሳሽ ነው።

ጥያቄ፦ «በቀበሌያችን አንድ በሬ ውሎ ሳያድር ታመመ። ሊሞት ሲያጣጥር ‹በክት ሳይሆን› ተብሎ ታረደ። ደሙ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ አልረጋ አለ። ውሾች ደሙንና ሆድ ዕቃውን በልተው እስከ ዛሬ ደህና ናቸው። ‹ውሻ በልቶ ካልሞተ ሥጋው ንጹሕ ነው› የሚሉ ነበሩ፤ እኔና ጥቂት ጎረቤቶች ግን ሥጋው እንዳይከፋፈል ተከላከልን። ልክ ነበርን?» — ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ ልክ ነበራችሁ፤ የብዙ ቤተሰብ ሕይወት ሳታተርፉ አልቀራችሁም። በድንገት የታመመ በሬ፣ የማይረጋ ጥቁር ደም፣ ይህ አባ ሰንጋ ሊሆን እንደሚችል ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ይነግርዎታል። ቢላዋው ነፍሱ ሳትወጣ ስለደረሰ በሬው በክት ከመባል ይድን ይሆናል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን በመታረዱ አይለወጥም። እንዲያውም ሲታረድ ከአየር ጋር የተገናኘው ባክቴሪያ ወደ ጠንካራ ዘርነት ይለወጣል፤ ይህ ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ በተለመደው የወጥ ማብሰያ እሳትም ይጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ውሻው ያልሞተው ሥጋው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ውሻ በተፈጥሮው አባ ሰንጋን ከሚቋቋሙት ወገን ነው፤ አሳማና ጥንብ አንሣም እንደዚሁ። በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስና ግመል ደግሞ በሽታው በፍጥነት የሚጥላቸው ናቸው። ሰው በሁለቱ መካከል ነው፤ እንደ በሬ ቶሎ ባይያዝም እንደ ውሻ አይድንም። በመጀመሪያው መልሴ አይጥ ስላልሞተች ሰው አይሞትም ማለት እንደማይቻል ብዙ የጻፍኩት፣ ይህ የተሳሳተ ዳኝነት በቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን በየመንደራችን በየዓመቱ ስለሚፈረድ ነው። እኔ በሥራዬ ያገኘኋቸው በሽተኞች ብዙዎቹ ሥጋውን ከመብላታቸው በፊት ውሻ ሲበላ አይተው የተጽናኑ ናቸው።

የተፈጥሮ መቋቋምም ቢሆን የማይናድ ግንብ አይደለም። ሉዊ ፓስተር በ1878 ያደረገውን ላስታውስ። ዶሮ አባ ሰንጋ አይዛትም፤ የሰውነቷ ሙቀትም ወደ 42 ዲግሪ ይደርሳል። ፓስተር ባክቴሪያውን የወጋትን ዶሮ ከእግሯ እስከ ሆዷ 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ አቁሞ አቆያት፤ ሙቀቷ ወረደ፣ በአባ ሰንጋም ሞተች። ሳትወጋ በውኃው ውስጥ የቆመችው አልሞተችም፤ ተወግታ በውኃ ያልቀዘቀዘችውም አልሞተች። ተወግታና ቀዝቅዛ ሕመሙ ሲጀምራት ከውኃው አውጥተው በጥጥ ጠቅልለው ያሞቋት ደግሞ ዳነች። የተራበ፣ የታመመ ወይም ገና ቡችላ የሆነ ውሻ እንደ ጤነኛው ይቋቋማል ብሎ ዋስ መሆን አይቻልም። ባይታመምም በአፉና በእግሩ ዘሩን ይዞ ወደ ግቢዎ ይገባል።

ስለ ክትባት ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ገበሬ «መርዝ ያለበት ክትባት ነው» ሲባል ይፈራል። በቢሾፍቱ የሚመረተውን ጨምሮ በዓለም ላይ ለከብት የሚሰጠው አብዛኛው የአባ ሰንጋ ክትባት ደቡብ አፍሪካዊው ማክስ ስተርን በ1930ዎቹ ካገኘው ባክቴሪያ የመጣ ነው። ይህ ባክቴሪያ መርዙን እስከ ዛሬ ያመነጫል፤ ያጣው ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚሸሸግበትን ልባስ ነው። ልባስ የሌለውን ባክቴሪያ የበሬው አካል መርዙ ሳይከማች ያጠፋዋል፤ በቀመሰው ጥቂት መርዝ ላይ ግን ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ከብቶችዎ በየዓመቱ፣ በሽታው ከሚነሣበት ወቅት በፊት ይከተቡ።

እንዲህ ያለ ከብት ሲያጋጥም አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይከፈት። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ተነግሮ በሙሉ አካሉ ይቃጠል ወይም ሁለት ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይቀበር፤ ደሙ የፈሰሰበትም አፈር አብሮ ይወገድ። ሥጋውን የነካ ወይም የበላ ሰው ካለ፣ በቆዳው ላይ የማያመው ግን መሃሉ እየጠቆረ የሚሄድ እብጠት ቢያይ፣ ወይም ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ቢጀምረው፣ «ነገ ይሻለኛል» ሳይል ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ የበላውን ይናገር። ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት በቀላሉ አለ፤ የሚያጥረው ጊዜ ነው።

ጊዜው የሚያጥርበትን ምክንያት ያሳዩን እነዚያው ጊኒ ፒጎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሃሪ ስሚዝና ባልደረቦቹ በ1954 በአባ ሰንጋ የሞቱ ጊኒ ፒጎችን ደም አጥልለው የበሽታውን መርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙ። ቀጥለውም በሽታው ለጠናባቸው ጊኒ ፒጎች ስትሬፕቶማይሲን ሰጡ። ቀደም ብለው የተወጉት ዳኑ። ዘግይተው የተወጉት ግን መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከደማቸው ካጠፋው በኋላም፣ አስቀድሞ በተለቀቀው መርዝ ሞቱ።